የጌም ስልኮች የእጅ ኮንሶልን ቦታ መውረስ ይችላሉ ወይ?

ፍሬም_ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ርዕስ ከፍቼ በቁጥር እንድንነጋገርበት ፈልጌ ነው።

ኪስ ውስጥ የሚገቡት ኮንሶሎች ዘመናቸው አልፏል። የሶኒ ፒኤስ ቪታ ምርት እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ፣ የኒንቴንዶ 3ዲኤስ ደግሞ በ2020። ሁለቱም ኩባንያዎች በዚያ መጠን ቀጥተኛ ተተኪ አላወጡም። በዚያው ሰሞን «ለጌም ብቻ» የተባሉ ስልኮች ተከታትለው መጡ። ሬዘር ፎን በ2017፣ ብላክ ሻርክ፣ ሬድ ማጂክና የአሱስ ሮግ ፎን በ2018፣ የሌኖቮ ሌጅን በ2020 ወጡ። ቦታው ክፍት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሬዘር ከሁለተኛው ስልክ አላለፈም፣ ሌኖቮም ከዘርፉ ወጣ፣ ብላክ ሻርክም ከ2022 በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ለምን? በኔ ግምት ችግሩ የቺፕ አቅም አይደለም። የ2017ቱ ሬዘር ፎን ባለ 120 ሄርዝ (በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ) ስክሪንና 8 ጂቢ ራም ነበረው፣ በጊዜው ይህን የያዘ የእጅ ኮንሶል አልነበረም። ታዲያ ምን ጎደለው? የምታውቁ ጻፉ። «የኔ ብራንድ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ግን እዚህ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ቀስተ_ደመና

ከመልሱ በፊት ጥያቄውን እናስተካክል። የእጅ ኮንሶል ቀነሰ የሚባለው በምን ሲለካ ነው? ኒንቴንዶ ዲኤስ 154 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። ተከታዩ 3ዲኤስ ወደ 76 ሚሊዮን ወረደ፣ ማለትም በግማሽ። ስማርት ስልክ የበላው ይህንን ነው፣ በአውቶብስ ላይና በወረፋ ቦታ የምትጫወተውን የአምስት ደቂቃ ጨዋታ። የኒንቴንዶ ስዊች ግን በ2017 መጥቶ ከ150 ሚሊዮን አልፏል፣ ስዊች 2 ደግሞ በሰኔ 2025 ወጥቷል። የስቲም ጌም ሱቅ ባለቤት ቫልቭ በ2022 ስቲም ዴክ የተባለውን የእጅ ኮምፒውተር ሲያወጣ አሱስ በሮግ አላይ፣ ሌኖቮ በሌጅን ጎ ተከተሉ። ልብ በሉ፣ ሌኖቮ የሌጅንን ስልክ ትቶ የሌጅንን የእጅ ኮምፒውተር ያዘ። ኩባንያው ገንዘቡን ወዴት እንዳዞረ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይናገራል።

ስለዚህ የሞተው ኪስ የሚገባው መጠን ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ቦርሳ የሚፈልግ፣ 400 ግራም ገደማና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ግን አድጓል። ስቲም ዴክ 669 ግራም ነበር፣ ሰው ግን ገዛው።

ፍሬም_ቆጣሪ

ልክ ነው። እንግዲያው ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ዲኤስና ፒኤስፒ (የሶኒ ቪታ ቀዳሚ) ይዘውት የነበረውን የኪስ ቦታ የጌም ስልክ ሊወርስ ይችላል?

ብየዳ

ከሙቀት እንጀምር። ምክንያቱም ማስታወቂያው የሚደብቀው እዚያ ያለውን ነው።

ያለ ማራገቢያ አንድ ስልክ ወደ አየር ሊያወጣው የሚችለው ሙቀት እንደ ስፋቱና እንደ አካባቢው አየር ከ4 እስከ 6 ዋት ገደማ ነው። የዛሬ ምርጥ ቺፖች ለአጭር ጊዜ ሲገፉ ከ10 ዋት በላይ ይበላሉ። ትርፉ ሙቀት መሄጃ ስለሌለው በመዳብ ሰሌዳው፣ በፍሬሙና በጀርባ መስታወቱ ውስጥ ይጠራቀማል። የውጭው ገጽ 43 ወይም 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሶፍትዌሩ የቺፑን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ብዙ ስልኮች የስክሪኑንም ብርሃን አብረው ያወርዳሉ። መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) የነበረው ከ15 ደቂቃ በኋላ 42 የሚሆነው ለዚህ ነው። ቺፑ ራሱ 90 ዲግሪን ይችላል፣ የማይችለው የሚይዘው እጅ ነው።

አሁን ከስቲም ዴክ ጋር አስተያዩት። ቺፑ እስከ 15 ዋት ይበላል፣ ሙቀቱን ግን ማራገቢያ ከላይ በኩል ያወጣዋል፣ እጅህ የሚይዘውም ከሙቀቱ የራቀውን ጫፍ ነው። ስልክ ላይ እጅህ የሚያርፈው በቀጥታ በራዲያተሩ ላይ ነው።

ቀጥሎ ባትሪ። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.85 ቮልት ወደ 19 ዋት ሰዓት ይመጣል። ከባድ ጌም ስክሪኑን ጨምሮ 6 ዋት ከበላ ከሦስት ሰዓት ብዙ አይዘልቅም። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ 40 ዋት ሰዓት ነበረው። ስዊች 16 ዋት ሰዓት ብቻ ይዞ ነው የተሳካለት፣ ልዩነቱ ግን ስዊች ባትሪው ሲያልቅ የምታጣው ጌሙን ብቻ መሆኑ ነው። ስልክ ሲያልቅ ጥሪም፣ መልእክትም፣ የባንክ አፕም አብሮ ይጠፋል። ሰው ስልኩ 30 በመቶ ሲደርስ ጌሙን የሚዘጋው በዚህ ስጋት ነው። ይህ ማንም በቺፕ የማይፈታው ችግር ነው።

የጌም ስልኮች መልስ የሰጡት በሁለት መንገድ ነው። ሬድ ማጂክ ከ2019 ጀምሮ ትንሽ ማራገቢያ ውስጥ ከተተ፣ በኋላ ሞዴሎቹ በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይሠራል፣ ግን አየር ማስገቢያው አቧራም ያስገባል፣ ውሃ መከላከልንም ያከብደዋል። ማራገቢያው ጩኸት ከጨመረ ወይም በፊት ያልነበረ መንቀጥቀጥ ከተሰማህ ተሸካሚው እያለቀ ወይም ክንፎቹ አቧራ ይዘው ነው። የታመቀ አየር ስትነፋ ማራገቢያውን አጥፍተህ፣ ከሩቅ፣ በአጫጭር ግፊት ይሁን። ሳታስበው በኃይል ካሽከረከርከው ተሸካሚውን ትጨርሰዋለህ። አሱስ ደግሞ ማራገቢያውን ከውጭ እንዲለጠፍ አደረገው፣ ስልኩ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን ሌላ ዕቃ መያዝ ግድ ይላል።

ሁለት_አውራጣት

ብየዳ የጻፈው ትክክል ነው፣ ግን ጌም ስልክን ከስቲም ዴክ ጋር ብቻ ማወዳደር አድልዎ ነው። ተፎካካሪ ጌም የሚጫወቱትን አትርሱ። ፐብጂ ሞባይል ለጆይስቲክ አልተሠራም፣ በንክኪ ነው። እዚያ ጌም ስልክ ከማንም ስልክ የሚለይበት ተጨባጭ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት የንክኪ ቃታዎች። ተራ ስልክ ላይ በሁለት አውራ ጣት መራመድም፣ ማነጣጠርም፣ መተኮስም አለብህ። ስለዚህ ለመተኮስ ከማነጣጠሪያው ጣትህን ታነሳለህ፣ ወይም ጣቶችህን እንደ ጥፍር አጥፈህ በአራት ጣት ትጫወታለህ። ቃታዎቹ ካሉ መተኮሻውን በቀኝ ጠቋሚ ጣት፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን በግራ ጠቋሚ ጣት ታደርግና አውራ ጣቶችህ ነፃ ይሆናሉ። ስታስተካክል ቃታው የሚነካውን ነጥብ በጌሙ መተኮሻ ቁልፍ መሐል በትክክል አስቀምጠው፣ የጌሙን የቁልፍ አቀማመጥ ከቀየርክ ነጥቡንም መቀየር አትርሳ። «ቃታው አልሠራም» ከሚሉት አብዛኛው ምክንያት ይህ ነው። የግፊት ልኩን ከመሐል ጀምር፣ በጣም ስስ ካደረግከው ስልኩን አጥብቀህ ስትይዝ ሳትፈልግ ይተኩሳል።

ሁለተኛ፣ ንክኪ የሚነበብበት ፍጥነት። 120 ጊዜ በሰከንድ የሚያነብ ስክሪን በየ8.3 ሚሊ ሰከንዱ አንዴ ያያል። 720 ጊዜ የሚያነብ በየ1.4።

ሦስተኛ፣ የጎን ቻርጅ መሰኪያ። ስልኩን አግድም ስትይዝ ገመዱ መዳፍህን አይወጋም። ሮግ ፎን ከመጀመሪያው ሞዴል ጀምሮ ይህ አለው፣ ከሌሎቹ አምራቾች አብዛኞቹ ለምን እንዳልወሰዱት አይገባኝም።

የኮድ_እረኛ

የጌም ሠሪውን ጎን ልጨምር። ለኔ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ኮንሶል የሚሸጥ ኩባንያ ከመሣሪያው ብዙ ማትረፍ አይጠበቅበትም። ሌሎች ከሚሠሩት ከእያንዳንዱ ጌም ወደ 30 በመቶ ይወስዳል፣ የራሱን ጌም ሲሸጥ ደግሞ ሙሉውን። ስለዚህ መሣሪያውን በወጪው አካባቢ ሸጦ ለአምስትና ለሰባት ዓመት ይጠቀማል። የጌም ስልክ አምራች ይህ የለውም። አንተ ጌም ስትገዛ ድርሻው የሚሄደው ለጎግል ሱቅ ነው፣ ስልኩን ለሠራው አይደለም። ትርፉን የሚያገኘው ስልኩ በተሸጠባት አንዲት ቀን ብቻ ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ማውጣት ግድ ይሆንበታል፣ የድሮውን በሶፍትዌር ማደስ ደግሞ ወጪ እንጂ ገቢ አይሆንም። የጌም ስልኮች የአንድሮይድ ዝመና ከተራዎቹ ዋና ስልኮች አጭር ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው።

ቻይና ውስጥ አምራቾች የራሳቸው የአፕ ሱቅ አላቸው፣ እዚያ ድርሻቸው 50 በመቶ ድረስ ይሄዳል። «ታዲያ እዚያ ይሠራል» እንዳትሉ፣ ያ ገቢ የሚመጣው ከሚሸጡት ስልክ ሁሉ ነው። ተራ ስልክ የገዛውም ጌም ላይ ገንዘብ ያወጣል። የጌም ስልኩን ለብቻው በርካሽ የሚሸጡበት ምክንያት አይኖራቸውም። ገንሺን ኢምፓክት በ2020 ሲወጣ ሠሪው ኩባንያ የሁዋዌንና የሻኦሚን ሱቆች ትቶ ነው የወጣው፣ ያን ድርሻ ላለመክፈል። ተሳክቶለታል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነው። የሞባይል ጌም ገቢ በአብዛኛው በነፃ ከሚወርዱ ጌሞች ውስጥ ከሚደረግ ግዢ ነው። ይህ ሞዴል የሚሠራው ብዙ ሚሊዮን ሰው ሲገባ ነው። ብዙ ሚሊዮን ሰው እንዲገባ ደግሞ ጌሙ ባለ 4 ጂቢ ራም ስልክ ላይ መሄድ አለበት። እንግዲህ አስቡት፦ የጌም ስልክ ያለው ሰው ከተጫዋቾች ስንት በመቶ ነው? ለሱ ብቻ የሚሆን ጌም የሚሠራ ስቱዲዮ የለም። ስልኩ ላይ ያሉት ጌሞች የጌም ስልክ አይፈልጉም፣ የጌም ስልክ የሚፈልጉት ጌሞች ደግሞ ለስልክ አልተሠሩም። ኒንቴንዶ ስዊችን የሸጠው ሌላ ቦታ በማይገኙ ጌሞች ነው። ሮግ ፎን ላይ ብቻ የሚገኝ ጌም ስጠኝ ብትለኝ የምጠቅስልህ አንድም የለኝም።

ሁለት_አውራጣት

@የኮድ_እረኛ ስለ ትርፉ አልከራከርህም ወንድሜ። ግን ዋናዎቹ ጌሞች 90 እና 120 ፍሬም የሚፈቅዱት ለተወሰኑ ስልኮች ነው፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ጌም ሠሪው ነው። ስለዚህ ጌሙ «አይፈልግም» ማለት ልክ አይደለም፣ ለመወዳደር ትፈልጋለህ።

የኮድ_እረኛ

ይገባኛል፣ እዚያ ላይ ልዩነት አለ። ግን የ120 ሄርዝ ስክሪን ዕጣ ምን ሆነ? በ2017 ከሬዘር ውጪ ብዙም አይገኝም ነበር። በ2020 መጀመሪያ ጋላክሲ ኤስ20 ያዘው፣ በ2021 አይፎን 13 ፕሮ፣ ዛሬ በመካከለኛ ስልኮች ላይ ተራ ነገር ነው። የንክኪ ፍጥነቱም፣ የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ሰሌዳውም፣ ባትሪውን አልፎ ኃይል የሚወስደው ቻርጅም እንዲሁ ተሰራጭተዋል። ቺፑማ ከመጀመሪያውም አንድ ነው፣ አብዛኞቹ ከቺፕ ሠሪው ኳልኮም ይገዙታል። የጌም ስልክ አዲስ ነገር ይፈትናል፣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ትልልቆቹ ይወስዱታል። ለብቻው የሚቀርለት ቃታዎቹና ማራገቢያው ናቸው። በዚያ ላይ ካሜራው ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፣ ያንን ደግሞ ጌም የማይጫወት ሰው ሁሉ ያየዋል።

ቀስተ_ደመና

ታሪኩም ይህንኑ ይላል። ኖኪያ ኤን-ጌጅ በጥቅምት 2003 ሲወጣ ጌም ለመቀየር ከቨሩን ከፍተህ ባትሪውን ማውጣት ነበረብህ፣ ማለትም ስልኩን ማጥፋት። ስክሪኑ ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል፣ ከሌላ ኮንሶል የሚመጡ ጌሞች ጎናቸው ተቆርጦ ነው የሚታዩት። ለማውራት ደግሞ የስልኩን ጠርዝ ጆሮ ላይ ማድረግ። በ2004 ኪውዲ የተባለው ሞዴል ባትሪውንም ጆሮውንም አስተካከለ፣ ግን ሠሪዎች ሄደው ነበር።

የሶኒ ኤሪክሰን ኤክስፔሪያ ፕሌይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ነው። በ2011 ወጣ፣ እውነተኛ ቁልፎች ከስክሪኑ ሥር ተንሸራትተው ይወጣሉ፣ በዲዛይን ከዛሬዎቹ ጌም ስልኮች ሁሉ ለኮንሶል የቀረበው እሱ ነው። ቺፑ ግን ባለ 1 ጊጋኸርዝ ነጠላ ኮር ነበር፣ በዚያው ዓመት ባለ ሁለት ኮር ስልኮች ወጡ። የፕሌይስቴሽን ጌሞቹም ጥቂት ነበሩ። ሶኒ የኮንሶሉ ባለቤት፣ ከኤሪክሰን ጋር ደግሞ የስልኩ ሠሪ ሆኖ፣ የጌም ሱቁንም ይዞ፣ ጌሞቹን ካላመጣ ሌላ ማን ያመጣል?

አፕል ሊያመጣ ሞክሯል። በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ሲወጣ ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅና ሬዚደንት ኢቪል 4 ተከተሉ። የቺፕ አቅሙ እንዳለ አሳይተዋል። ግን በሙሉ ዋጋ ጌም መግዛት በስልክ ላይ ያልተለመደ ነው፣ በንክኪ ስክሪን መጫወትም ይከብዳል። ያለ ጆይስቲክ እነዚያ ጌሞች አይጣፍጡም።

ፍሬም_ቆጣሪ

ስለ ሙቀቱ የተነሳው ላይ አንድ የመለኪያ መንገድ ልጨምር፣ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ስልክ ስትመርጡ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ነጥብ አትዩ፣ የምትፈልጉት የሃያኛው ደቂቃ ነጥብ ነው።

3ዲማርክ የሚባለውን አፕ አውርዱ። ውስጡ «ዋይልድ ላይፍ ኤክስትሪም» የሚል ፈተና አለ፣ የጭነት ዓይነቱን (ስትረስ ቴስት) ምረጡ፣ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን ትዕይንት 20 ጊዜ ይደጋግማል። ከመጀመራችሁ በፊት ከቨሩን አውልቁ፣ ስልኩ ለግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ ይሁን፣ የስክሪኑን ብርሃን ከራስ ሰር አውጥታችሁ ግማሽ ላይ አቁሙት፣ የበረራ ሁነታ አብሩ። እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ብረት ወይም እብነ በረድ ሙቀት ስለሚስብ ውጤቱን ያሳምረዋል። ሲጨርስ ምርጥ ነጥብ፣ ዝቅተኛ ነጥብና መረጋጋት በመቶኛ ያሳያችኋል። መረጋጋቱ ዝቅተኛው ለምርጡ ሲካፈል ነው።

ለምሳሌ አንዱ ስልክ 6000 አምጥቶ መረጋጋቱ 55 በመቶ ከሆነ መጨረሻ ላይ የቀረው 3300 ነው። ሌላው 4200 አምጥቶ 90 በመቶ ከቆየ 3780 ይዟል። ለጌም ሁለተኛው ይበልጣል። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ግን 6000ውን ነው። ማራገቢያ ያላቸው የጌም ስልኮች እውነተኛ ብልጫቸው የሚታየው እዚህ ነው፣ ይህን መካድ አይገባም።

ሌላ ነገር፦ ባለ 120 ሄርዝ ስክሪን ካላችሁና ጌሙ የፍሬም ገደብ ከፈቀደ 40 ላይ አቁሙት። በ120 ሄርዝ ላይ እያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሦስት እድሳት ይቆያል፣ 25 ሚሊ ሰከንድ እኩል እኩል። በ60 ሄርዝ ስክሪን 40 አይካፈልም፣ አንዱ ፍሬም 16.7 ሌላው 33.3 ሚሊ ሰከንድ እየሆነ ይንተፋተፋል። ከ60 ወደ 40 ስትወርዱ ቺፑ ሥራው በሦስተኛ እጅ ይቀላል፣ ሙቀቱም አብሮ ይወርዳል።

አዲስ_ተጫዋች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እኔ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ደህና ስልክ አለኝ። የጌም ስልክ ከመግዛት ጆይስቲክ ጨምሬበት ብጠቀም ይሻላል? ምን ምን ልይ? ቻርጅ እያደረግሁ መጫወቴስ ባትሪውን ይጎዳዋል?

ብየዳ

@አዲስ_ተጫዋች ጆይስቲክ ጨምር። ስልኩን ከሁለት በኩል የሚጨብጠውን ዓይነት ማለቴ ነው። ሬዘር ኪሺ፣ ባክቦን፣ ጌምሰር የሚያወጧቸው ዓይነቶች።

መጀመሪያ የስልክህን ርዝመትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ለካ፣ የካሜራውን ጉብታም ጨምረህ። ብዙ ጊዜ የማይገጥመው በርዝመት ሳይሆን የካሜራው ጉብታ ከጀርባው ድልድይ ጋር ስለሚጋጭ ነው። ጉብታው እየተገፋ ከገጠመ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያው ጠምዞ ይቀመጣል፣ በሳምንታት ውስጥ የስልኩ መሰኪያ ይላላል። ያኔ ጥገናው ከጆይስቲኩ ይበልጣል። ስልኩ ውስጥ ሲገባ ምንም ማስገደድ መኖር የለበትም። ሁልጊዜ ከመሰኪያው በኩል አስገባ፣ ስታወጣ ከሌላው ጫፍ ጀምር።

ቀጥሎ የአውራ ጣት ዘንጎቹ በማግኔት የሚሠሩ፣ ሆል የሚባሉት፣ ቢሆኑ ምረጥ። የድሮዎቹ በካርቦን ላይ የሚፋተግ መጥረጊያ አላቸው፣ ካርቦኑ ሲያልቅ ሳትነካው ገጸ ባሕሪው ወደ አንድ ጎን መንሸራተት ይጀምራል።

ከብሉቱዝ ይልቅ በዩኤስቢ ሲ የሚገናኘው ይሻላል፣ መዘግየቱ ያነሰ ነው፣ ቻርጅ የሚፈልግ የራሱ ባትሪም የለውም። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ከምትጠቀም ደግሞ ገመድ ያለው ተጠቀም፣ በተለመደው የብሉቱዝ ድምፅ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ መዘግየት የተለመደ ነው፣ ተኩሱን ካየኸው በኋላ ትሰማዋለህ።

ስለ ቻርጁ፦ ባትሪ የሚጎዳው ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቆየት ሲገናኙ ነው። ጌሙ ያሞቀዋል፣ ቻርጁ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። መፍትሔው ኃይሉ ባትሪውን አልፎ በቀጥታ ወደ ስልኩ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሮግ ፎንና ሬድ ማጂክ አላቸው፣ የሶኒ ኤክስፔሪያም አለው። አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ በጌም ቡስተር ቅንብር ውስጥ የዩኤስቢ ኃይል አቅርቦትን ለአፍታ አቁም የሚል ማብሪያ ታገኛለህ። የሚሠራው ፒዲ (የዩኤስቢ ኃይል አቅርቦት) የሚደግፍ ቻርጀር ስትሰካና ባትሪው ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ማብሪያው ደብዝዞ ካየኸው ከሁለቱ አንዱ ጎድሏል። ስልክህ ይህ ከሌለው ቻርጁን 80 በመቶ ላይ አቁም፣ ፈጣኑን ቻርጅ አጥፋ፣ ከቨሩን አውልቅ።

የኮድ_እረኛ

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ጆይስቲክ ከመግዛትህ በፊት የምትጫወታቸው ጌሞች መደገፋቸውን አረጋግጥ። ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ይደግፋል፣ ከጆይስቲክ ተጫዋቾች ጋርም ለይቶ ያገናኝሃል። ጆይስቲክን ወደ ንክኪ የሚቀይሩ አፖች አሉ፣ ግን በተፎካካሪ ጌሞች ላይ አካውንትህን ሊያሳግዱህ ይችላሉ። ነጠላ ተጫዋች ጌም ላይ ብቻ ተጠቀምባቸው።

ጨረቃ_ማታ

ማንም ያላነሳው አንድ መንገድ አለ፣ የኮምፒውተር ጌሞችን በአንድሮይድ ላይ ማስኬድ። ጌም የለም ለተባለው ክፍተት ቀጥተኛ መልስ ነው፣ በቁም ነገር ብታዩት እወዳለሁ።

ዊንሌተር የሚባል ነፃ አፕ የዊንዶውስን ጥሪዎች ዋይን በሚባል ፕሮግራም፣ የኢንቴል ኮድን ደግሞ ቦክስ64 በሚባል ወደ ስልኩ ቺፕ ይተረጉማል። በፕሮጀክቱ የጊትሀብ (ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ገጽ ካለው ፋይል ጫኑት፣ ሌላ ቦታ የሚለጠፉትን አትመኑ። መጀመሪያ ሲከፈት ፋይሎቹን ይዘረጋል። ከዚያ አዲስ ኮንቴይነር፣ ማለትም ጌሙ የሚሠራበትን የዊንዶውስ ክፍል፣ ፍጠሩ። የስክሪኑን መጠን 1280 በ720 አድርጉ። ስልካችሁ አድሬኖ ግራፊክስ ካለው፣ ማለትም ስናፕድራጎን ከሆነ፣ ተርኒፕ የሚለውን ድራይቨር ምረጡ። ማሊ የሚባል ግራፊክስ ያላቸው ስልኮች ላይ ይህ ድራይቨር አይሠራም፣ ሌላ አማራጭ ቢኖርም ውጤቱ ብዙ ያነሰ ነው። ለዚህ ሥራ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ስናፕድራጎን ይሁን የምለው ለዚህ ነው። የዳይሬክት ኤክስ (የዊንዶውስ ጌሞች የግራፊክስ ሥርዓት) መተርጎሚያውን ዲኤክስቪኬ አድርጉ፣ በጣም አሮጌ ለሆኑ ጌሞች ዋይንዲ3ዲ። የጌሙን ፎልደር በስልኩ የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኮንቴይነሩ ውስጥ እንደ ዲ ድራይቭ ይታያል።

ከሚገጥሙ ችግሮች ዋናው ጥቁር ስክሪን ነው። ዲኤክስቪኬ ከ2.0 ጀምሮ ቩልካን 1.3 የሚባለውን የግራፊክስ ደረጃ ይፈልጋል፣ ድራይቨራችሁ ካልደገፈ ወደ 1.10.3 ውረዱ። ጌሙ ከደቂቃዎች በኋላ ያለ ምንም መልእክት ከተዘጋ ደግሞ አንድሮይድ ራሱ እየገደለው ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፖች የሚከፍቷቸው ንዑስ ሂደቶች ከ32 ሲያልፉ ሲስተሙ ይቆርጣቸዋል። በአንድሮይድ 14 ላይ በአበልጻጊ አማራጮች ውስጥ የንዑስ ሂደት ገደብን የሚያነሳ ማብሪያ አለ፣ አብሩት። መጀመሪያ ሰዓት ላይ መቆራረጥ ካለ ሼደሮች (ምስሉን የሚስሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እየተዘጋጁ ነው፣ ያንኑ ቦታ ደግማችሁ ስታልፉ ይለሰልሳል። ፀረ ማጭበርበሪያ ያላቸው የኦንላይን ጌሞችን ግን ተስፋ አታድርጉ።

ሁለት_አውራጣት

እንግዲህ ማራገቢያ ያለው ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ትርጉሙ ፕሮሰሰሩን ያለማቋረጥ ይገፋዋል።

ጨረቃ_ማታ

ትክክል። ተራ ስልክ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ማራገቢያ ባለው ላይ ባትሪው እስኪያልቅ። ለዚህ አጠቃቀም የጌም ስልክ የሚገባውን ዋጋ ያወጣል።

ቀስተ_ደመና

ያወጣል፣ ግን እዚያ ላይ ጠንካራ ተፎካካሪ አለው። ሲም ካርድ የሌላቸው የአንድሮይድ የእጅ ኮንሶሎች ማለቴ ነው፣ እንደ ኤዋይኤን ኦዲን 2 ያሉ። ስናፕድራጎን 8 ጄን 2፣ ማራገቢያ፣ እውነተኛ ቁልፎችና 8000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ይዟል። ሬትሮይድ ፖኬት 5 ደግሞ በ2020 ዋና ስልኮች ላይ የነበረውን ስናፕድራጎን 865 ይጠቀማል። የስልክ ሬዲዮ የላቸውም፣ ውድ ካሜራ የላቸውም፣ ያለፉ ዓመታትን ቺፕ ይገዛሉ። ወጪያቸው ከጌም ስልክ የሚያንሰው በእነዚህ ነው። የስልክህንም ባትሪ አይነኩም፣ ብየዳ ያነሳው ስጋት የለም። የኪስ ኮንሶልን ቦታ ወራሽ ጥቀስ ብባል እነዚህን ነው የምጠቅሰው፣ በትናንሽ ኩባንያዎች የሚሠሩና ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም።

ቤት ውስጥ ለሚጫወት ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለ። የኮምፒውተሩን ጌም ወደ ስልክ የሚያስተላልፉትን ሁለት ፕሮግራሞች፣ ኮምፒውተር ላይ ሰንሻይን፣ ስልክ ላይ ሙንላይት ጫን። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝ፣ ስልኩን በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ፣ 1080 በ60 ፍሬም፣ ከ20 እስከ 30 ሜጋቢት። ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ ምስሉ ሊሰባበር ይችላል። ጌሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ስልኩ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚፈታው፣ አይግልም።

አዲስ_ተጫዋች

የመጨረሻ ጥያቄ። በጀርባ የሚለጠፈው ቀዝቃዛ ማራገቢያ፣ በረዶ የሚያበጀው ዓይነት፣ ለኔ ስልክ ይጠቅማል? መስታወቱን ይሰነጥቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ብየዳ

ፔልቲየር የሚባለው ነው። ይጠቅማል፣ በትክክል ከተቀመጠ። አብዛኛው ሰው የሚለጥፈው ስልኩ መሐል ላይ ነው፣ እዚያ ያለው ግን ባትሪው ነው። ቺፑ በብዙ ስልኮች ከላይ፣ ካሜራው አካባቢ ነው። ጌም ለ10 ደቂቃ አስኪድና ጀርባውን በጣትህ ዳስስ፣ በጣም የጋለው ቦታ ላይ አድርገው። ከቨር በመሐል ካለ ጥቅሙ በአብዛኛው ይጠፋል።

የሚያሰጋው ስንጥቅ ሳይሆን ውሃ ነው። ቀዝቃዛው ሰሌዳ ከአየሩ የጤዛ ነጥብ በታች ሲወርድ እርጥበት ይሰበስባል፣ ጠብታው በካሜራው ዙሪያና በተናጋሪው ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ስልኩ ከጋለ በኋላ አብራው፣ ጌሙን ስትዘጋ አብረህ አጥፋው፣ ቀዝቃዛ ስልክ ላይ አታስኪደው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ዝቅተኛውን ደረጃ ተጠቀም። ሙቀት የሚያሳይ ካለው ሰሌዳውን ከ15 ዲግሪ በታች አታውርደው። ኃይሉን ደግሞ ከስልኩ ሳይሆን ከሌላ ቻርጀር ስጠው፣ ከ10 ዋት በላይ የሚበሉ አሉ፣ ከስልኩ ከወሰዱ የምታቀዘቅዘውን ያህል መልሰህ ታሞቀዋለህ። ባትሪው አብጦ ጀርባው ትንሽ እንኳ ከተነሳ ምንም አትለጥፍበት፣ መጀመሪያ ባትሪውን አስቀይር።